የላሜሕ ጥርጣሬ፦ አልቢኒዝምና ሌሎች የቆዳና የፀጉር ቀለም ለውጦች

በአረርቲ ከተማም ሆነ በሌላው የምንጃር ሸንኮራ ቀበሌ፣ ከጠይም ወላጆች ፀጉሩም ቆዳውም የነጣ ሕፃን ሲወለድ ሁለት ጥያቄዎች መነሣታቸው አይቀርም። አንደኛው በይፋ የሚጠየቀው «ለምጽ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ሁለተኛውን አባት በልቡ ይዞት ይሄዳል፤ «ልጁ የእኔ ነው ወይ?»

ሁለተኛው ጥያቄ ለአገራችን መጻሕፍት እንግዳ አይደለም። ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ፣ በምዕራፍ 106፣ ኖኅ ሲወለድ መልኩ ከሰው ሁሉ የተለየ፣ ፀጉሩም የነጣ እንደ ነበር ይተርካል። አባቱ ላሜሕ ሕፃኑ ከመላእክት የተወለደ መስሎት ፈርቶ ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ ሸሸ። ማቱሳላ ከሄኖክ ዘንድ ይዞ የተመለሰው መልስ ግን ልጁ በእውነት የላሜሕ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነበር። ጄምስ ብሩስ የመጽሐፉን ቅጂዎች እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ አደረሰ። በ1958 ደግሞ የዓይን ሐኪሙ አርኖልድ ሶርስቢ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ኖኅ አልቢኒዝም ሳይኖርበት እንደማይቀር ጻፈ። ትረካው ሃይማኖታዊ እንጂ የሕሙማን መዝገብ ስላልሆነ ይህ ከግምት አያልፍም፤ የአባትየው ጥርጣሬ ግን ዛሬም አብሮን አለ።

ለዚህ ጥርጣሬ የሕክምና መልስ የተገኘው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 አርኪባልድ ጋሮድ አልቢኒዝምን በውርስ ከሚመጡ የሰውነት ኬሚካዊ ጉድለቶች ጋር መደበው። ሜላኒን አምራች ሴሎች በቦታቸው አሉ፤ ቀለሙን ግን አሟልተው አይሠሩም። ቆዳን፣ ፀጉርንና ዓይንን በአንድነት የሚነካው ዓይነት የሚገለጠው ሕፃኑ ጉድለት ያለበትን ዘር ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው፤ ወላጆቹ ራሳቸው ግን ምልክት አይታይባቸውም። እንግዲህ የሕፃኑ መንጣት እናትን የሚያስጠረጥር ሳይሆን ከሁለቱም መውረሱን የሚያመለክት ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ኦሪት ዘሌዋውያን ለምጽ የሚለው ብዙ ዓይነት የቆዳ ምልክቶችን ጠቅልሎ ነው፤ ሐኪም ግን ሊለያቸው ይገባል። ዛሬ ለምጽ የምንለው ቪቲሊጎ ጤናማ ቆዳ ይዞ በተወለደ ሰው ላይ የሰውነት መከላከያ ቀለም አምራች ሴሎችን ሲያጠፋ የሚወጣ ነጭ ምልክት ነው። ከልደት ጀምሮ በግንባር ላይ ብቻ የሚታይ ነጭ ፀጉር ፓይባልዲዝም ሊሆን ይችላል። የመስማት ችግር ከተጨመረበት እ.ኤ.አ. በ1951 ዋርደንበርግ የገለጸውን ሕመም ያሳስባል። ሲስሊ ዊሊያምስ በ1933 የገለጸችው ኳሺዮርኮር የሕፃኑን ፀጉር ሲያቀላ፣ ሕፃኑ በምግብ ሲያገግም ቀለሙም ይመለሳል። ስሜት ያጣ የፈዘዘ ምልክት ግን ሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይመረመር ለምጽ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም።

አልቢኒዝምን ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ዋናው ምልክት ዓይን ነው። ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃን ይፈራል፣ አርቆ አያይም። ፀጉሩ ቢጫ ወይም ቀይማ ስለሚሆንበት ጊዜም መንጣቱን ብቻ መመልከት ያሳስታል። በትምህርት ቤት ሰነፍ የተባለው ልጅ ሰሌዳው ያልታየው ሊሆን ይችላል። መነጽርና የፊት መቀመጫ ይጠቅሙታል። ጤፍ በሚታጨድበት የምንጃር ፀሐይ ሥር ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ፣ በየጊዜውም የቆዳ ምርመራ ከካንሰር ይጠብቁታል።

ይህ ሁሉ ግን አባት ልጁን ሲቀበል የሚጀመር ነው። ስለዚህ በማዋለጃ ክፍል አስቀድመን የምንናገረው ቃል ማቱሳላ ለላሜሕ ያደረሰው መሆን አለበት፦ ልጁ የአንተ ነው።