ከኮሎራዶ ወደ ብራዚል፦ የአንድ አረጋዊ በቀቀን ጉዞና የታሪክ ፍርድ



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በአንድ የቤት ወፍ ላይ ነው። ጉዳዩ ለታሪክ መድረክ ያንሳል የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ፕሬስሊ የተባለው በቀቀን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2002 በአሜሪካ ኮሎራዶ የኖረበትን የሽቦ ቤት ትቶ ወደ ብራዚል ሲሻገር የሕግ፣ የንብረትና የአንድ ዝርያ ህልውና ጥያቄዎች አብረውት ተሻግረዋል።

ፕሬስሊ የስፒክስ ማካው ከተባለው ሰማያዊ የበቀቀን ዝርያ ነበር። ዝርያው ስሙን ያገኘው ከባቫርያዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ከዮሐን ባፕቲስት ፎን ስፒክስ ነው። ስፒክስ በ1819 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በሳኦ ፍራንሲስኮ ወንዝ አካባቢ፣ የመጀመሪያውን ናሙና ሰበሰበ። ወፉ የሚኖረው ካቲንጋ በሚባለው ደረቅና እሾሃማ ምድር፣ ጅረቶችን ተከትለው በሚበቅሉ ካራይባ በተባሉ ትላልቅ ዛፎች መካከል ነበር፤ ጎጆውም የነዚህ ዛፎች ግንድ ቀዳዳ ነው። ዛፎቹ ለዘመናት በመመንጠራቸውና ከብቶችም ቡቃያውን በመጋጣቸው መኖሪያው እየጠበበ ሄደ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አጥማጆች ተጨመሩ። ወፉ ሲያንስ ዋጋው ናረ፤ ዋጋው ሲንር የተረፈው ይበልጥ ታደነ።

ሕግ አልጠፋም ነበር። ብራዚል በ1967 የዱር እንስሳትን ንግድ ከለከለች፤ በ1975 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም የዝርያውን ንግድ አገደ። ክልከላው ግን ግልጹን ገበያ ዘጋ እንጂ ስውሩን አላቆመም። በ1990 ተመራማሪዎች በኩራሳ ከተማ አቅራቢያ በዱር ያገኙት አንድ ወንድ ብቻ ነበር። ይህ ብቸኛ ወፍ የሌላ ዝርያ ሴት ማካው ተጣምሮ ይኖር ነበር። በ1995 ከራሱ ዝርያ የሆነች ሴት ብትለቀቅለትም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠፋች። እሱም ከ2000 በኋላ አልታየም።

ፕሬስሊ በዚህ ሁሉ ጊዜ በኮሎራዶ የሰው ቤት ለማዳ ነበር። ማንነቱ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው በ2002 ነው፤ በዚያው ዓመት ለብራዚል ተመለሰ። ሽግግሩ ቀላል አልነበረም። በቀቀን ከሰው ድምፅ፣ ከሚቆምበት እንጨት፣ ከለመደው ምግብና ከቀኑ ሥርዓት ጋር የሚተሳሰር ፍጡር ነው። ስለዚህ በእርጅናው ቤት የሚለውጥ በቀቀን የሚያጣው የሽቦውን ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀውን ዓለም በሙሉ ነው። ፕሬስሊ በአዲሱ አገሩ ከዝርያው ሴት ጋር ቢጣመርም ጫጩት አላፈራም። በሰኔ 2014፣ ዕድሜው ወደ 40 ተገምቶ፣ ሞተ።

ታዲያ ጉዞው ትክክል ነበርን? አንዱ ወገን ውጤቱን አይቶ፣ አረጋዊውን ወፍ ከለመደው ቤት ማፈናቀል ከንቱ ነበር ሊል ይችላል። ይህ ክርክር የወፉን ምቾት ስለሚያስታውሰን በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን የታሪክ ፍርድ ሊመዘን የሚገባው ውሳኔው በተሰጠበት ጊዜ በነበረው ዕውቀት ነው። በ2002 በዓለም የተረፉት የስፒክስ ማካዎች ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። በእንዲህ ያለ መንጋ ውስጥ አዲስ ደም ያለው አንድ ወፍ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። እንደማይወልድ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችል አልነበረም።

ስለዚህ የእኔ ሙግት ስሕተቱ በጉዞው ሳይሆን በመዘግየቱ ላይ ነው የሚል ነው። ለመራባት የሚመቹት የጉልምስና ዓመታቱ ያለፉት ማንነቱ ሳይታወቅ ነበር። ድብቅ ንግድ ወፎችን ከመስረቁም በላይ መዝገባቸውን ይሰርቃል፤ ከየት እንደመጡ፣ የማን ልጆች እንደሆኑ የሚናገር ሰነድ አይተውም። መዝገብ የሌለውን ፍጡር ደግሞ ማዳን ቀርቶ መፈለግም አይቻልም።

ከዚህ የሚከተለው ሐቅ የማይመች ነው። ዝርያው በ2019 ከዱር የጠፋ ተብሎ ተመዘገበ። በመጋቢት 2020 ግን 52 ወፎች ከጀርመን ወደ ብራዚል ተመለሱ፤ በሰኔ 2022ም የመጀመሪያዎቹ 8 በካቲንጋ ተለቀቁ። እነዚህ ወፎች በሰው እጅ ተይዘው የተራቡ የቀድሞ ምርኮኞች ዘሮች ናቸው። ዱሩን ባዶ ያደረገው የሰብሳቢዎች ፍላጎት ዘሩንም ያቆየ ሆነ ማለት ነው። ይህ ግን የዘረፋው ማመካኛ አይሆንም፤ ወፎቹ ባይጠመዱ ኖሮ መመለስም ባላስፈለጋቸው ነበር።

ከተለቀቁት መካከል የፕሬስሊ ዘር የለም። የእሱ ድርሻ ሌላ ነው፦ መመለስ ማለት የጠፋውን ጊዜ መመለስ እንዳልሆነ በሕይወቱ አሳይቷል። የታሪክ ተማሪ ስለ ማንኛውም ተመላሽ ሲጽፍ «ተመለሰ ወይ?» ከማለቱ በፊት «መቼ ተጠየቀ? ለምንስ እስከዚያ ሳይጠየቅ ቀረ?» ብሎ ቢነሣ ይበጃል።