ገመዱን የያዘው ሰው

ድሮ ንብረት ተሰርቆ ሌባው ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሜዳ ወጥቶ ለአውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። ሽማግሎች አንድ በአንድ እያስማሉ ይጠይቃሉ፤ ሌባው እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። አጥፊው የሚወጣበት ጊዜ ነበር፤ ችግሩ አውጪው ነው። አንዱ በድንበር የተጣላውን ጎረቤቱን ይጠቁማል፣ ሌላው ዘመዱን ይሸሽጋል፣ አንዳንዱም ፀሐዩና ረሃቡ ሲመረው ስም ጠርቶ ይገላገላል።

ሌባሻይ የሚባለው ሌላው የሌባ መፈለጊያ ዘዴ ከዚህ ችግር የሚያመልጥ ለአገሩ ሰው መስሎት ነበር ብዬ አምናለሁ። እኛ ጠበቆች ሌባሻይን የምናነሣው ለሳቅ ነው፤ እኔ ግን አልስቅበትም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ይመረጣል። መድኃኒት ያጠጡታል፣ ጢስ እንዲስብ ያደርጉታል፤ ራሱን ሲስት ወገቡ ላይ በታሰረው ገመድ የሌባሻይ አለቃው ይዞት ይከተላል፣ ከኋላ ባለንብረቱና የመንደሩ ሰው። ልጁ እየተንገዳገደ ከቤት ቤት ይዞራል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ጌታ ሌባ ነው፤ ይከፍላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያዩ የውጭ ተጓዦችም ይህንኑ ጽፈዋል።

ልጁ ለምን ተመረጠ? ቂም የለውም፣ ርስት አይካፈልም፣ ማንንም አይፈራም። ከምስክሮች ሁሉ የታመነው ምንም ምክንያት የሌለው ምስክር ነበር! ከዚያ ሁሉ ሰው ግን ከልጁ በስተኋላ ያለውን እጅ የሚያይ አልነበረም። አለቃው የሚበላው ከዚሁ ሥራ ነው። ገመዱን ማጥበቅና ማላላት ደግሞ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነገር ነው፤ ከልጁ የጠፋው ምክንያት ሁሉ አለቃው ዘንድ ሞልቷል። ቤቱ የተወደቀበት ሰውስ? ንጹሕ ሆኖም ቢሆን መንደሩ ፊት ከሚከራከር ከፍሎ መገላገሉን የሚመርጥ አይጠፋም። እሱም ምክንያት አለው፤ ስሙ ነው።

ሌባሻይ ቀረ፣ አውጫጭኝም እየቀረ ሄደ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ናቸው። ዛሬ የምንሠራበት የ1996ቱ ሕግ በአንቀጽ 58 አስቦ ማድረግን በዕውቀትና በፈቃድ እንጂ በምክንያት አይለካውም። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው በኋላ፣ ቅጣት ሲመዘን ነው፤ የተከበረ ዓላማ በአንቀጽ 82 ያቀላል፣ ክፉ ምክንያት በአንቀጽ 84 ያከብዳል። በአንቀጽ 539 ግን፣ በከባድ የግፍ አገዳደል፣ ገዳዩን ያነሣሣው ነገር ራሱ ክብደቱን ከሚያሳዩት አንዱ ሆኖ ተጽፏል።

ሕጉ ጥበበኛ ነው እላለሁ። ሆን ብሎ የሚያደርግ ሰው ሁሉ ምክንያት አለው ባይ ነኝ፤ ያ ማለት ግን ዳኛው ያገኘዋል ማለት አይደለም። ችሎት ውስጥ የሟች ቤተሰብ የሚጠይቀው ግን ያንኑ ነው፦ «ምን አድርጎት ነው?» የክስ ማመልከቻው ሰው ለመግደል አስቦ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ መሣሪያ ብሎ ይዘረዝርና ከጸቡ ላይ ሲደርስ «መነሻው ለጊዜው ባልታወቀ ጸብ» ብሎ ያልፋል። እንዲህ ተጽፎ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ተብሎ፣ ተፈርዶበት፣ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ይመለሳል፤ ያቺን መስመር ያረመ አቃቤ ሕግ እስካሁን አላየሁም።