ምለሳ፦ የመኪና አካልን ወደ ኦርጅናሉ የመመለስ ሥራና ስሙ

ምለሳ ያረጀ ወይም የተጎዳ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ቅርፅና ቀለም የሚመለስበት ሥራ ነው። እንግሊዝኛው «ሪስቶሬሽን» ይለዋል። ቃሉ በዚህ ፍቺው ለጽሑፍ አማርኛ አዲስ ቢሆንም ግሡ ከጋራዥ የተወሰደ ነው። ላሜራ ሠራተኛው ስለ ድሮ መኪና ሲናገር «ወደ ኦርጅናሉ መለስነው» ይላል እንጂ «አደስነው» ብሎ አያቆምም። ሁለቱን ግሦች ለይቶ የሚጠቀምባቸው ሥራዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ነው።

በጽሑፍ ግን ይህ ልዩነት እየጠፋ ነው። የሥልጠና ወረቀትና የማስታወቂያ ቋንቋ «የተሽከርካሪ አካል መልሶ ማደስ» ወደሚል ሐረግ አዘንብሏል። ሐረጉ ለዓይን የተሟላ ይመስላል፤ ሲፈቱት ግን ሁለት እንከን ይገኝበታል። አንደኛው የሰዋስው፣ ሁለተኛው የፍቺ ነው።

«አደሰ» ከግዕዙ «ሐደሰ» የመጣ ነው። «አዲስ» ራሱ የዚሁ ሥር ልጅ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የጻፉት በ1948 ዓ.ም. የታተመው ታላቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በርዕሱ «ሐዲስ» ሲል፣ የደስታ ተክለ ወልድ የ1962ቱ መዝገበ ቃላት «ዐዲስ» ይላል። ፊደሉ ይለያይ እንጂ ሥሩ አንድ ነው። ማደስ ማለት የነበረን ነገር እንደገና አዲስ ማድረግ ስለሆነ «እንደገና» የሚለው ሐሳብ በግሡ ውስጥ አስቀድሞ አለ። በፊቱ «መልሶ» ሲጨመርበት አንዱ ሐሳብ ሁለት ጊዜ ይነገራል። «መልሶ» የገባው «መልሶ ማቋቋም»፣ «መልሶ ግንባታ» እና «መልሶ ማልማት» ከሚሉት የቢሮ ሐረጎች ተገልብጦ ሳይሆን አይቀርም። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ደሴና ኮምቦልቻ እነዚህን ሐረጎች በየስብሰባው ሰምተዋቸዋል። በእነሱ ውስጥ «መልሶ» የራሱ ሥራ አለው። ማቋቋም፣ መገንባትም ሆነ ማልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊደረግ ስለሚችል ዳግመኛ መሆኑን የሚነግረው ቃል ያስፈልጋል። ማደስ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አይደረግም።

የፍቺው እንከን ይብሳል። የታደሰ ነገር አዲስ ይሆናል፤ የተመለሰ ነገር ግን ወደ ራሱ ነው የሚሄደው። አንድ የድሮ ቮልስ ዘመናዊ መብራት ተገጥሞለት፣ ወንበሩ ተቀይሮ፣ በፋብሪካው ዘመን ባልነበረ አብረቅራቂ ቀለም ቢቀባ በደንብ ታድሷል። ያንኑ መኪና የቀድሞውን ቀለም ፈልጎ፣ የመጀመሪያውን ዓይነት መብራትና የወንበር ልብስ አሟልቶ ማቆም ሌላ ሥራ ነው። ባለቤቱ ሁለተኛውን ፈልጎ «እድሳት» የሚል ውል ቢፈርም፣ የመጀመሪያው ሲሰጠው የሚከራከርበት ቃል የለውም። ቃሉ ተለይቶ እንዲቆም የሚያስፈልገው በዋናነት ለዚህ ነው።

«ተሃድሶ» የሚለው አማራጭ ከዚሁ ሥር ስለወጣ ያንኑ ችግር ይሸከማል። ከዚያም በላይ በሃይማኖት ክርክርም፣ በፖለቲካ ዘመቻም፣ የቀድሞ ተዋጊዎችን ጉዳይ በያዘው በብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ስምም ሥራ በዝቶበታል። «ህዳሴ» ደግሞ በዓባይ ላይ ከተሠራው ግድብ በኋላ ለሌላ ነገር የሚቆረስ አይመስልም።

«ጥገና» ከሁሉም ይልቅ ጥንካሬ ያለው ቃል ነው፤ ሊነካም አይገባም። ጠገነ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የተሰበረ አጥንት ነው፤ ወጌሻ ስብራቱን አገጣጥሞ በመቃ ወይም በእንጨት ደግፎ ያስረዋል። ዓላማው እጁ እንደገና እንዲሠራ፣ እግሩ እንዲራመድ ማድረግ ነው። ከቢስቲማ ደሴ የሚመላለስ አይሱዙ ፓራፋንጎው ተጨርምቶ ጎማውን ሲነካበት የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ላሜራው ተቃንቶ፣ ብየዳው ተበይዶ፣ መኪናው በማግስቱ ጭነቱን ይዞ ቢወጣ ሥራው ተሟልቷል። የፓራፋንጎው ቀለም ከካቢናው ትንሽ ቢለይ ማንም ጥገናው ጎደለ አይልም። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሥራም በሕዝቡ አፍ «ጥገና» መባሉ ቃሉ ምን ያህል ሰፊ መሆኑን ያሳያል። ይሁንና ስፋቱ ራሱ ነው ለዚህ ሥራ የማያመቸው።

ከጥገና ሥር ያለው የእጅ ሥራ የራሱ ስም አለው። ጋራዡ «ባትላሜራ» ይለዋል። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን «መምታት» እና «ላሜራ» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተጣመረ ነው። ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ ሁሉም በዚያው መንገድ ገብተዋል። መንገዱ ደግሞ ቃል በቃል መንገድ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያን በያዘቻቸው ዓመታት የተሠራው አውራ ጎዳና ደሴን ከአዲስ አበባና ከአስመራ አገናኘ፤ ከኮምቦልቻም በባቲ በኩል ወደ አሰብ ወረደ። አሰብ ወደብ በ1990 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ ብዙ የአገሪቱ ጭነት በዚህ መስመር ስላለፈ ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ከተማ ሆና ኖረች፤ ጨዋማውን የቆላ አየር ይዞ የመጣ የፊያት ላሜራ ስንት ጊዜ እንደተመታባት የሚያውቁት ሽማግሌ ባለሙያዎቿ ናቸው። ቃላቱ የመጡት ከነሥራው ስለሆነ ተዋህደዋል። «ላሜራ» የሚለውን አውጥቶ «ስስ የብረት ዝርግ» የሚል ማስገባት ለቋንቋው መቆርቆር አይደለም። ቋንቋውን የሚጎዳው ባዕድ ቃል መኖሩ ሳይሆን የራሱ ቃል ባልሆነ ፍቺ መዋሉ ነው።

ለባትላሜራ ሥራ አማርኛው ከጎኑ የሚቆም «ማቃናት» የሚል ግሥ አለው። የተጣመመ ይቃናል። ቀና፣ ቅን፣ ቅንነት ሁሉ ዘመዶቹ ናቸው። መማሪያ መጽሐፍ ሲጻፍ ሙያውን «ባትላሜራ»፣ ድርጊቱን «ላሜራ ማቃናት» ብሎ ሁለቱንም ይዞ መሄድ ይቻላል። «መደብደብ» የሚለው ግን መቅረት አለበት፤ የሙያውን ቁም ነገር ይገለብጣልና።

ቁም ነገሩ የሚገባው ሥራውን በቅደም ተከተሉ ሲያዩት ነው። ተማሪ በመዶሻ አይጀምርም። በማጠብ፣ አሮጌ ቀለም በመፋቅና በብርጭቆ ወረቀት በማለስለስ ይጀምራል። በ80 ቁጥር ሻካራ ወረቀት ተነሥቶ በ180 እና በ320 አልፎ ወደ 600ና ከዚያ በላይ ሲደርስ መዳፉ ዓይኑ የማያየውን ሞገድ መለየት ይለምዳል። ላሜራ የሚፈተሸው በመዳፍ ነው። ቀጥሎ የግጭትን ታሪክ ማንበብ ይመጣል። መኪና ሲጋጭ መጀመሪያ የሚጎዳው የተነካው ቦታ ነው፤ ኃይሉ ከዚያ ወደ ዳር እየተዛመተ ሌሎች እጥፋቶችን ይፈጥራል። የሚቃናው ግን በተቃራኒው፣ መጨረሻ ከታጠፈው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ነው። ጀማሪ የጠለቀው ጉድጓድ መሀል ላይ ሲመታ ብረቱን ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠ ላሜራ ደግሞ መግቢያ አጥቶ ይነፋል፣ ሲጫኑትም ጓ እያለ ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ይህን ለመሰብሰብ ትንሽ ነጥብ በጋዝ ነበልባል እስኪቀላ አግሎ በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ብረቱ ሲግል መስፋፋት ቢፈልግም ዙሪያው ቀዝቃዛ ስለሆነ ስለሚከለክለው በነጥቡ ላይ ይወፍራል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰበሰባል። መዶሻው ከፊት ሲያርፍ ከጀርባ የሚደገፈው ብረት የላሜራውን የፋብሪካ ጉብታ የሚመስል መሆን አለበት። መደብደብ ከዚህ ሁሉ በአንዱም የለበትም።

ላሜራው ከተቃና በኋላ የሚለቀለቀው ስቱኮ ለመጨረሻዋ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። በጣት የሚለካ ስቱኮ የተለቀለቀበት በር በኮረኮንች መንገድ እየተንቀጠቀጠ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ ከሥር ዝገት ይጀምራል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከታች እየገፋ ያሳብጠዋል፤ በላዩ መቀባት ለጥቂት ወራት መደበቅ ብቻ ነው። የዛገው ተቆርጦ ይወጣል፣ በልኩ የተቆረጠ ላሜራ ይበየዳል፣ ጸረ ዝገት ይቀባል። በቀለሙ ላይ የአየሩ ጠባይ ይጨመራል። በጉም ቀን ቲነሩ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት በላዩ ላይ ያርፍና ቀለሙ ነጭ ጭጋግ ይለብሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ባለችው ደሴ ቀለም ረጪው ጉሙ እስኪገፈፍ ይጠብቃል፤ ዝቅ ብላ በምትሞቀው ኮምቦልቻ ደግሞ በአየር ላይ ሳለ እንዳይደርቅበት ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ይመርጣል።

እስከዚህ ያለው ለጥገናም ለምለሳም የጋራ ነው። ምለሳ የሚለየው ባለሙያው ከመዶሻው በፊት ተመራማሪ መሆን ስላለበት ነው። መኪናው ከመፈታቱ በፊት እያንዳንዱ ክፍል ፎቶ ይነሣል፣ ብሎኑ ሳይቀር በስሙ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ቀለም ፀሐይና ሁለተኛ ቅብ ካልደረሰባቸው ቦታዎች፣ ከምንጣፍ ሥር፣ ከበር ጎማ ጀርባ ይፈለጋል። ቮልስ ለዚህ ትምህርት የተሠራች ትመስላለች። አራቱም ፓራፋንጎዎቿ በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ አንዱ ሲጎዳ ሌላው ሳይነካ ይፈታል፤ የምትዝግበት ቦታም የታወቀ ነው፤ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱ የወለሉን ላሜራ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ምርቷ እስኪቆም ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራች መለዋወጫዋ አሁንም አይጠፋም።

የምለሳን ወሰን በተመለከተ ከጥንታዊ ሐውልቶች እንክብካቤ ሙያ የተወረሰ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር ሥራው ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም እንዳለበት ይደነግጋል። የዓለም አቀፉ ጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን የቱሪን ቻርተርም ይህን መንፈስ ወደ መኪና አምጥቶ ማቆየትን፣ መጠገንንና መመለስን ለያይቷል። ሦስቱ በየራሳቸው ቃል በተቆጠሩበት ዓለም አማርኛ ሦስቱንም «እድሳት» ብሎ ቢያልፍ ተማሪው ልዩነቱን ከየት ያገኘዋል?

ቃሉ ለምን «ምለሳ» እንደሆነ ማስረዳት ይቀራል። የቅርብ ተፎካካሪው «ምልሰት» ነው፤ ለጆሮም ይጥማል። ነገር ግን በሥነ ጽሑፍ ትችት ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚተረክበትን ስልት ይዞ ተቀምጧል። አወራረዱም እንደ ድምቀት፣ ጭንቀትና ጥልቀት ሁኔታን እንጂ በእጅ የሚሠራ ሥራን አይጠራም። የጋራዥ ሥራዎች ስም በሌላ ቅርፅ ነው የሚወጣው። ከጠገነ ጥገና፣ ከበየደ ብየዳ፣ ከፈተሸ ፍተሻ፣ ከቀየረ ቅየራ ይገኛል። ከመለሰ በዚሁ ሕግ የሚገኘው ምለሳ ነው። ማንም ያልፈጠረው፣ ቋንቋው ራሱ አዘጋጅቶ ያስቀመጠው ቅርፅ ነው፤ ሠሪውም እንደ ጠጋኝና በያጅ «መላሽ» ይባላል። «ምላስ»ን ያስታውሳል የሚል ቅሬታ ቢነሣ «የመኪና ምለሳ» ተብሎ ሲነገር ብዥታው አይቆይም። «ቅርስ ማስመለስ» ከሚለውም አይጋጭም፤ ያ ከሰው እጅ መቀበልን ሲጠራ ይህ በሙያ መሥራትን ይጠራል።

ቃሉ አሁን የሚያስፈልግበት ተጨባጭ ምክንያትም አለ። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አስወደደ፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በአገር ውስጥ ያለው መኪና ዕድሜው መርዘሙ አይቀርም፤ አሮጌውን ጠግኖ ማሠራትና መርጦ መመለስም ሁለት የተለያዩ ገበያዎች ይሆናሉ። በደሴ የወይዘሮ ስህን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅም ሆነ ሌላ ተቋም ሙያውን ሲያስተምር ሰነዱን «የመኪና አካል ጥገናና ምለሳ» ብሎ ቢጽፍ ሁለቱም ገበያዎች ስማቸውን ያገኛሉ።

በሥራው ላይ ድብልቅ ሁኔታዎች ያጋጥማሉ። አካሉ ወደ ኦርጅናሉ ተመልሶ ሞተሩ የሌላ መኪና የሆነበት «የአካል ምለሳ» ሊባል ይችላል። የመጀመሪያው ዓይነት ሞተር ከተገኘና ውስጡም ከተሟላ «ሙሉ ምለሳ» ይሆናል። ክፍሉ ስላልተገኘ ባለሙያው በራሱ ግምት የቀረጸው ነገር ካለ በሥራ መዝገቡ ላይ ለብቻው ይጻፋል፤ ይህ ክፍል ከቅየራ እንጂ ከምለሳ አይቆጠርም።