ትዝታ፦ የማሲንቆው ዜማና ልዩ ልዩ አጨዋወቶቹ

ትዝታ በኢትዮጵያ ባህላዊ ሙዚቃ ውስጥ የአንድ ዜማ፣ የአንድ ቅኝትና ዜማው የሚቀሰቅሰው የናፍቆት ስሜት የጋራ መጠሪያ ነው። ሦስቱ ትርጉሞች በዕለት ንግግር ስለሚቀላቀሉ፣ ዜማውን የሚያስቀርጽ፣ ከአረጋውያን የሚሰበስብ ወይም በስሙ ለማስመዝገብ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መለየት ይኖርበታል።

ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች መካከል አምባሰልና ባቲ የቦታ ስም የያዙ ናቸው። አምባሰል በደቡብ ወሎ የሚገኝ ተራራና ወረዳ ሲሆን፣ ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። ትዝታና አንቺ ሆዬ ግን የቦታ ስም የላቸውም። በሙዚቀኞች ዘንድ አራቱንም ከወሎ ጋር ማያያዝ የተለመደ ቢሆንም፣ ትዝታ በጎንደር፣ በጎጃምና በሸዋ አዝማሪዎችም ዘንድ ቤተኛ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን አንግቶ ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዘዋወር ዜማውንም ይዞ ስለሚዘዋወር፣ «የእገሌ አገር ብቻ ነው» የሚለው ክርክር ብዙም ፍሬ የለውም።

ዜማው በሁለት መልክ ይታወቃል። ሙሉ ትዝታ የሚባለው በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ድምፆች የቆመ ነው። በግማሽ ትዝታ ሚ እና ላ እያንዳንዳቸው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ፤ የዜማው ጠባይም ወደ ሐዘን ያዘነብላል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የግማሽ ትዝታን አምስት ድምፆች ከሶል ተነሥቶ፣ ሶልንም መነሻና ማረፊያ አድርጎ የሚጫወት ሰው የሚያሰማው አምባሰልን ነው። ድምፆቹ አንድ ናቸው፤ የተለየው ማረፊያቸው ነው። በተመሳሳይ መንገድ ሙሉ ትዝታ ከላ ቢነሣ ባቲ ማይነር የሚባለውን ያስገኛል። ስለዚህ በአንድ አካባቢ «ትዝታ»፣ በሌላው «አምባሰል» ተብሎ የተመዘገበ ቅጂ ቢያጋጥም፣ አንዱን ስህተት ነው ከማለት በፊት ተጫዋቹ የሚያርፍበትን ድምፅ ማዳመጥ ያሻል።

የአጨዋወት ልዩነት ትልቁ ምንጭ መሣሪያው ነው። ማሲንቆ ቆዳ በተወጠረበት ባለአራት ማዕዘን ሳጥን ላይ የተዘረጋ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ አለው፤ ድምፁ የሚወጣውም እንዲሁ የፈረስ ጭራ በተወጠረበት ደጋን ሲገዘገዝ ነው። ተጫዋቹ ክሩን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቅም፤ በጣቱ ነክቶ ይይዘዋል እንጂ። በዚህም ምክንያት ከድምፅ ወደ ድምፅ መንሸራተት፣ ማርገብገብና በሁለት ድምፆች መካከል መቆየት ይችላል። መቃኛ ልኩም ቋሚ አይደለም፤ በዘፋኙ ጉሮሮ ይወሰናል። የክራር ክሮች ግን አስቀድመው ስለሚቃኙ፣ ካሣ ተሰማና አስናቀች ወርቁ በክራር የተጫወቱት ትዝታ እርከኑ የጠራ፣ በማሲንቆ ከሚሰማው የተለየ ነው። ማህሙድ አህመድ ደግሞ ዜማውን በዘመናዊ ባንድ ታጅቦ አዚሞታል።

ኪቦርድ አጃቢ በሆነበት ዘመን ከሙሉውም ከግማሹም ያልለየ የማሲንቆ ድምፅ ወደ አንዱ ተገፍቶ «ይስተካከላል»። ከዜማው መልኮች ቀድሞ የሚጠፋውም ይኸው ነው።

ግጥም የአካባቢን አጨዋወት ለመለየት ብዙም አይረዳም። አዝማሪው ስንኙን ከታዳሚ እየተቀበለ፣ ሰምና ወርቁን በቦታው እያስማማ ስለሚያዜም፣ አንዱ ስንኝ በአንድ ሌሊት ሦስት ቤት ሊዞር ይችላል።

የመብት ጥያቄን በተመለከተ፣ የጥንታዊው ዜማ ደራሲ ስለማይታወቅ ማንም ግለሰብ የራሱ አድርጎ ሌላውን ሊከለክልበት አይችልም። ሆኖም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነ ቅንብር እንደ ሥራ ይጠበቃል፤ የቅጂ መብቱም አዘጋጁ በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት ይቆያል። ከዋኙም በክዋኔው ላይ የራሱ መብት አለው። ስለዚህ በገጠር የሚኖር አንድ ማሲንቆ ተጫዋች «ዜማው የሕዝብ ነው» ተብሎ ያለ ፈቃዱ ተቀርጾ ሊሸጥበት አይገባም፤ የሕዝብ የሆነው ዜማው ነው፣ ክዋኔው የእርሱ ነው። መብቱን ለማግኘት ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ ባይሆንም፣ ማስረጃ የሚሹ ባለሙያዎች ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማመልከት ይችላሉ።

ዜማውን የሚሰበስቡ ግለሰቦችና የባህል ቡድኖች የተጫዋቹን ስምና ፈቃድ፣ ዜማውን ከማንና የት እንደተማረ፣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ተጫዋቹ ራሱ ለዜማው የሚሰጠውን ስም እንዲሁም የሚያርፍበትን ድምፅ ከቅጂው ጋር መያዝ ይጠበቅባቸዋል። ድምፁ በኮምፒዩተር ከመስተካከሉ በፊት ያልተነካው የመጀመሪያ ቅጂ ለብቻው ይቀመጥ።