«ቫሪኮስ» የሚለው የሕክምና ቃል ትርጉምና አመጣጥ

በእግር ላይ አብጠውና ተጠማዝዘው የሚታዩ የደም መልስ ሥሮች በሕክምናው ሙያ «ቫሪኮስ ቬይን» ይባላሉ። ስያሜው የተገኘው «ቫሪክስ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙም የተለጠጠና ያበጠ የደም መልስ ሥር ማለት ነው። ይህም ቃል ብዙውን ጊዜ «ቫሩስ»፣ ማለትም ጎባጣ ወይም ወልጋዳ፣ ከሚለው ሌላ የላቲን ቃል ጋር ይዛመዳል። ግሪኮች ለዚሁ ሕመም «ኪርሶስ» የሚል የራሳቸው ስም ነበራቸው። በወንድ የዘር ፍሬ ከረጢት ውስጥ ለሚያብጡ ሥሮች የተሰጠው «ቫሪኮሴል» የሚለው ስያሜ ግን የሁለቱ ቋንቋዎች ቅይጥ ነው፤ ፊተኛው ክፍል ላቲን፣ እብጠት የሚል ትርጉም ያለው «ኬሌ» ደግሞ ግሪክ ነው።

ስያሜው የሚገልጸው ዓይን የሚያየውን ቅርጽ ነው፤ ስለ መንስኤው የሚናገረው ነገር የለም። የጥንት ሐኪሞችም ሕክምናውን የሚመርጡት በቅርጹ ነበር። በ1ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. የጻፈው ሮማዊው ሴልሰስ ቀጥ ያለው ሥር በጋለ ብረት እንዲተኮስ፣ የተጠማዘዘውና እርስ በርሱ የተጠላለፈው ደግሞ ተቆርጦ እንዲወጣ መክሯል። ማደንዘዣ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ሥቃዩ እጅግ ከባድ ነበር። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው የሮማው የጦር መሪ ጋይየስ ማርየስ ሳይታሰር አንድ እግሩን በጽናት ካስቀደደ በኋላ፣ ፈውሱ ሥቃዩን የሚያካክስ አይደለም ብሎ ሁለተኛውን እግሩን ከልክሏል።

መንስኤውን በተመለከተ ለረጅም ዘመን የገዛው አስተሳሰብ የአራቱ የሰውነት ፈሳሾች ትምህርት ነበር። በሂፖክራተስ ስም ከሚታወቁት አጫጭር የሕክምና አባባሎች አንዱ፣ እብደት በያዘው ሰው ላይ ቫሪክስ ወይም ኪንታሮት ቢወጣ እብደቱ እንደሚለቀው ይገልጻል። በዚህ እምነት መሠረት እብጠቱ መጥፎው ፈሳሽ ከሌላው የሰውነት ክፍል ወርዶ የሚጠራቀምበት ስፍራ ነበር።

ትክክለኛው ማብራሪያ የተገኘው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1603 የፓዱዋው መምህር ፋብሪሲየስ በደም መልስ ሥሮች ውስጥ ስላሉት ክዳኖች (ቫልቮች) የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። እርሱ ግን ተግባራቸው የደሙን ፍሰት ማዘግየት ብቻ መስሎት ነበር። ተማሪው የነበረው ዊልያም ሃርቬይ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ክዳኖቹ ደም ወደ ልብ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ እንደሚያደርጉ አሳየ። ዛሬ እንደሚታወቀው እነዚህ ክዳኖች በሚገባ መግጠም ሲያቅታቸው፣ ሰው በሚቆምበት ጊዜ ደም ወደ ታች ይመለሳል፤ በሥሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ሥሩም ይለጠጣል። ግፊቱ ሳይቀንስ ሲቆይ በቁርጭምጭሚት አካባቢ ቁስል ሊከተል ይችላል። እንዲህ ያለውን ቁስል በማጠብና በማሸግ ብቻ ማዳን አስቸጋሪ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ይኸው ስም በምግብ ቧንቧ (ኢሶፋገስ) ታችኛው ክፍል ለሚያብጡ ሥሮችም ያገለግላል። የእነዚህ መንስኤ ግን የእግር ክዳኖች መድከም ሳይሆን፣ ከአንጀትና ከጣፊያ ወደ ጉበት ደም በሚወስደው ሥር ውስጥ የሚፈጠር ከፍተኛ ግፊት ነው። ከጉበት መኮማተር (ሲሮሲስ) በተጨማሪ፣ በኢትዮጵያ በጣና ሐይቅ ዙሪያና በሌሎች ስፍራዎች የሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዚያ ለዚህ ይዳርጋል። ጣፊያው ያበጠ ወጣት በድንገት ብዙ ደም ቢያስታውክ ይህ ምክንያት ሊታሰብ ይገባል፤ መዘግየት ሕይወት ያሳጣልና።

ስለዚህ «ቫሪክስ» የሚለው ቃል በሕመምተኛው መዝገብ ላይ ሲሰፍር ምርመራው አልተፈጸመም። ሥሩን ያሳበጠው ግፊት ከወዴት መጣ የሚለው ጥያቄ ገና መልስ ይጠብቃል።