የሳርኮማ ሕክምናና የፓቶሎጂ ሐኪሙ ብያኔ

ሳርኮማ ከጡንቻ፣ ከስብ፣ ከነርቭ ሽፋን፣ ከደም ሥርና እነዚህን ከሚያያይዙ ለስላሳ ሕብረ ሕዋሳት የሚነሣ ካንሰር ነው፤ በታማሚዎቹ ቁጥር ጥቂት፣ በዓይነቱ ግን እጅግ ብዙ ስለሆነ፣ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ መርምሮ የበሽታውን ምንነት የሚበይነው የፓቶሎጂ ሐኪም በሕክምናው ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ ብያኔው ለረጅም ዘመን ቀዶ ሐኪሙ ላወጣው ዕጢ ስም ከመስጠት እምብዛም ያለፈ አልነበረም፤ መድኃኒት እስከ ማስመረጥ የደረሰው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

የዘርፉ መሠረት የተጣለው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርኾ በ1858 እ.ኤ.አ. የበሽታ ሁሉ መነሻ ሕዋስ መሆኑን ባስተማረበት መጽሐፉ ሲሆን፣ የለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ዕጢዎችን ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ካደረጉት መካከል ግንባር ቀደሙ በቀዶ ሕክምና ሠልጥኖ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ፓቶሎጂ የዞረው አሜሪካዊው አርተር ፐርዲ ስታውት ነበር። በ1969 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ፍራንዝ ኤንዚንገር የመራውን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ አመዳደብ በማሳተሙ፣ በተለያዩ አገሮች የሚሠሩ ሐኪሞች አንዱን በሽታ በአንድ ስም መጥራት ቻሉ። ስም ብቻውን የዕጢውን አደገኛነት ስለማይገልጽ፣ የፈረንሳይ ሐኪሞች በ1984 ሕዋሳቱ ከጤናማው ሕብረ ሕዋስ ጋር ያላቸውን መመሳሰል፣ የመከፋፈላቸውን ብዛትና በዕጢው ውስጥ የሞተውን ክፍል መጠን በነጥብ እየለካ በሦስት ደረጃ የሚመድብ ሥርዓት አወጡ፤ ከቀዶ ሕክምና ሌላ ጨረር ወይም ኬሞቴራፒ ስለማስፈለጉ በሚሰጠው ውሳኔም ይህ ደረጃ ከሚታዩት መመዘኛዎች አንዱ ሆነ።

በቅርጽ ላይ ብቻ የቆመ ብያኔ ወሰኑ ጎልቶ የታየው ከጨጓራና ከአንጀት ግድግዳ በሚነሣ አንድ ሳርኮማ ላይ ነው፤ ዕጢው የጡንቻ ሕዋስ ስለሚመስል ለዓመታት ከጡንቻ ዕጢዎች ጋር ተቆጥሮ በኬሞቴራፒ ቢታከምም የሚገኘው ውጤት እጅግ አነስተኛ ነበር። በ1983 ማይክል ማዙርና ብሬንት ክላርክ፣ የሕዋስን ፕሮቲኖች በፀረ እንግዳ አካላት አማካይነት ለይቶ በሚያሳየው የማቅለም ዘዴ፣ ከእነዚህ ዕጢዎች ብዙዎቹ የጡንቻ ምልክት እንደሌላቸው አሳዩ፤ በ1998 ደግሞ ጃፓናዊው ሴይቺ ሂሮታና ባልደረቦቹ ኪት በተባለው ጂን ላይ የሚከሠት ለውጥ ሕዋሱ ያለማቋረጥ እንዲባዛ እንደሚያደርገው ደረሱበት። ግኝቱ ለደም ካንሰር የተዘጋጀው ኢማቲኒብ የተባለ መድኃኒት ለዚህም በሽታ እንዲሞከር መንገድ ከፈተ፤ በ2000 ሄልሲንኪ ውስጥ መድኃኒቱን የወሰደችው የመጀመሪያዋ ታማሚ ዕጢ በጥቂት ሳምንታት በእጅጉ ያነሰ ሲሆን፣ በ2002 አሜሪካ ለዚሁ ሕመም አገልግሎት ላይ እንዲውል ፈቀደች።

ኢማቲኒብ በምን ያህል ደረጃ እንደሚሠራ የሚወሰነው ለውጡ በጂኑ የትኛው ክፍል ላይ እንደተከሠተ ስለሆነ፣ የፓቶሎጂ ሐኪሙ ዘገባ ከዕጢው ስምና በቆረጣው ጠርዝ ላይ የቀረ ካንሰር መኖር አለመኖሩን ከመግለጽ አልፎ የጂኑን ለውጥ ይጨምራል፤ አካሚው ሐኪምም መድኃኒቱንና መጠኑን የሚያዝዘው ይህን መሠረት አድርጎ ነው።