ከበቆሎ ማሳ እስከ ሆስፒታል መጋዘን፦ ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች በሥራ ላይ የማጽናት ታሪክ

የኦቲዝም የሕክምና ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከምርመራው ነው። ሕፃኑ ካደገ በኋላ ምን ሠርቶ ይኖራል የሚለው ጥያቄ ግን ዘግይቶ የመጣ ይመስላል። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ የሕክምና ጽሑፎች በጥሞና ሲነበቡ፣ የሁለቱ ታሪኮች መነሻ አንድ መሆኑ ይታያል።

ዶ/ር ሊዮ ካነር በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የመረመሯቸውን 11 ሕፃናት ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1943 በጽሑፍ አቀረቡ። ከእነዚህም የመጀመሪያው በሚሲሲፒ ግዛት በፎረስት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1933 የተወለደው ዶናልድ ትሪፕሌት ነበር። ጽሑፉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ወላጆቹ ዶናልድን በአካባቢው ከሚኖሩ ገበሬዎች ባልና ሚስት ዘንድ አስቀመጡት። ዶ/ር ካነር እ.ኤ.አ. በ1945 ሥፍራው ድረስ ሄደው ያዩት ነገር አስደነቃቸው። የሕክምና ሙያ የሌላቸው እነዚህ ባልና ሚስት የልጁን ልዩ ጠባይ ለማጥፋት አልደከሙም፤ ይልቁንም ጠባዩን ለሥራ አዋሉት። መለካት ስለሚወድ የውኃ ጉድጓድ እየቆፈረ ጥልቀቱን እንዲነግራቸው አደረጉ። የበቆሎውን ረድፍ ደጋግሞ መቁጠር የማይታክተው በመሆኑም፣ እያረሰ እንዲቆጥር አደረጉት። ልጁም ፈረሱንና ማረሻውን አሳምሮ ይዞ ስድስት ረጃጅም ትልሞችን በሐኪሙ ፊት አረሰ።

ዶ/ር ካነር የ11ዱን ሕፃናት መጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1971 ባቀረቡት የክትትል ጽሑፍ መረመሩ። በመደበኛ ሥራ ተሠማርተው የተገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ዶናልድ በባንክ፣ ሌላው ደግሞ በአንድ ቢሮ በማባዣ መሣሪያ ላይ። የሁለተኛው አለቃ ስለ ሠራተኛው ታማኝነትና ጥንቃቄ በጽሑፍ መስክረውለታል። በአንጻሩ ወደ ትላልቅ የመንግሥት ማቆያ ተቋማት የተላኩት ልጆች በሕፃንነታቸው የነበራቸውን ችሎታ እንኳ ሳይቀር አጥተው ተገኙ። እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ዶናልድ ተቀጥሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየበት ባንክ የእናቱ ቤተሰብ እጅ ያለበት ነበር። በሩን የከፈተለት የራሱ ችሎታ ብቻ አልነበረም። ታዲያ ባንክ ያለው ዘመድ የሌለው ሰው በማን እጅ ተመርቶ ይገባል? ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአመዛኙ ለዚህ ጥያቄ መልስ የመፈለግ ታሪክ ነው።

በዘመኑ ሰፍኖ የነበረው አሠራር የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ለብቻ በተከለለ የሥራ ቤት ሰብስቦ ቀላል የእጅ ሥራ ማሠራት ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የሠራተኞች ሕግም ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል በታች እንዲከፈላቸው ፈቀደ። ሐሳቡ መጀመሪያ ሠልጥነው ዝግጁ ይሁኑ፣ ከዚያ በኋላ ሥራ ይፈለግላቸዋል የሚል ነበር። ለብዙዎቹ ግን ያ የዝግጁነት ቀን ሳይመጣ ቀረ።

ይህን አስተሳሰብ ካናወጡት ሰዎች አንዱ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ጎልድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ አይማሩም የተባሉ ወጣቶችን በርካታ ክፍሎች ያሉትን የብስክሌት ፍሬን እንዲገጣጥሙ አስተማሩ። ሥራውን በጥቃቅን ደረጃዎች ከፋፈሉት፤ የየክፍሉንም አንድ ገጽ ቀለም በመቀባት የትኛው ወገን ወደ ሠራተኛው እንደሚዞር አመለከቱ። ተማሪው ሲሳሳት የተሳሳተው ማስተማሪያው ነውና ሌላ መንገድ ይሞከር የሚል መርሕም አስፋፉ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት ፖል ዌማንና ባልደረቦቻቸው ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። ሰውየው በቅድሚያ በእውነተኛ ሥራ ላይ ይመደባል፣ ሥልጠናውም እዚያው ይሰጠዋል። አሠልጣኙ አብሮ ይውላል፤ ሥራውን ደረጃ በደረጃ ያሳያል፤ አለቃው ትእዛዙን በግልጽ ቃል እንዲሰጥ፣ የሚረብሽ ድምፅና ብርሃን እንዲቀንስ ያግባባል። ሠራተኛው ሲጠና ቀስ በቀስ ይርቃል፤ ክትትሉን ግን አያቋርጥም። ሥራው እንዲዘልቅ የሚያደርገው ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ የአለቃ መለወጥ ወይም የሥራ ሰዓት መዛወር ብቻ የተረጋጋውን ሠራተኛ ሊያናጋ ይችላልና። «የታገዘ ሥራ» የተባለው ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1986 በወጡ የአሜሪካ ሕጎች ዕውቅና አገኘ።

የጤና ባለሙያዎችን በቅርብ የሚመለከተው ምዕራፍ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1996 በሲንሲናቲ የሕፃናት ሆስፒታል ነው። የድንገተኛ ክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ነርስ ኤሪን ሪሊ፣ የሕክምና ቁሳቁስ በየመደርደሪያው የሚያሟሉ ሠራተኞች ቶሎ ቶሎ እየለቀቁ ሥራው ይስተጓጎልባቸው ነበር። ሆስፒታሉ የሚያክማቸው የዕድገት ውስንነት ያለባቸው ወጣቶች ይህን ሥራ ለምን አይሠሩትም ብለው ጠየቁ። ከዚህም «ፕሮጀክት ሰርች» የተሰኘው መርሐ ግብር ተወለደ፤ ወጣቶቹም በሆስፒታሉ የተለያዩ ክፍሎች እየተዘዋወሩ መሠልጠን ጀመሩ።

የዘዴው ፍሬ በምርምር ተፈትኗል። ዌማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት፣ ተሳታፊዎቹ በዕጣ በተመደቡበት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 21 ዓመት የሆነ ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች ተሳትፈዋል። ለኦቲዝም በተዘጋጀ ተጨማሪ ድጋፍ በዚህ መርሐ ግብር ካለፉት 24 ወጣቶች 21ዱ (87.5 በመቶ) ሥራ ሲያገኙ፣ ከማነጻጸሪያው ቡድን 16 ወጣቶች ግን ያገኘው 1 (6.25 በመቶ) ብቻ ነበር። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ ቢሆንም ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

በኢትዮጵያ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ካቋቋሙ ወዲህ፣ በዚያ የመጀመሪያ ትውልድ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ለሥራ ደርሰዋል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም የሚያካትት ሲሆን፣ አሠሪው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ያስገድዳል። ሕጉ ግን ሠራተኛውንና አለቃውን እጅ ለእጅ የሚያያይዝ ሰው ይሻል። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ለወላጅ በሚሰጡት ምክር የልጁን ጉድለት ብቻ ሳይሆን መቁጠር ወይም መደርደር መውደዱንም በካርዱ ላይ ቢያሰፍሩ፣ የነገው አሠልጣኝ የሚነሣበትን መሠረት ያገኛል። ሆስፒታሎችም ራሳቸው መድኃኒትና ቁሳቁስ የሚደረደርባቸው፣ መዝገብ የሚጠበቅባቸው ቦታዎች ናቸውና፣ የመጀመሪያውን በር ለመክፈት ከማንም ይልቅ ይቀርባሉ።